አሥራ ሁለተኛዋ ጠጠር

ከባምባሲ ወደ አሶሳ ሲመጡ ዋናውን መንገድ ለቀው በኮረኮንቹ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢጓዙ፣ ከማንጎውና ከሽመሉ በላይ ራቁቱን የቆመ አንድ ትልቅ ድንጋይ ያያሉ። እስከ ወገቡ ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ ለብሷል፤ ከወገቡ በላይ ግን ሣር እንኳ አይበቅልበትም። ከወሎ መጥተው ሥሩ የሰፈሩት ሰዎች መላጣው ይሉታል። የወሎ ገበሬ ስም ሲያወጣ አያሽሞነሙንም።

ዛሬ መላጣው ላይ ለመውጣት የሚመጣ ሰው፣ ከአሶሳም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ መጀመሪያ ከአንለይ እጅ አንዲት ጠጠር ይቀበላል። ጠጠሯን መሰላሉ ሥር ባለው ቅል ውስጥ ጥሎ ይወጣል፤ ሲወርድ አንዷን አንስቶ ወደ ኋላው ይወረውራል። ቅሉ ባዶ ሳይሆን አንለይ ቤቱ አይገባም። ሰዉ ይሄን ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ «እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው!» ይላል። ማን ይናገር የነበረ ይባል የለ? በዚያን ቀን የነበረችው አንዲት ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ ተናጋሪ አይደለችም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ አንለይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ፣ እናቱ፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹና የአራት ዓመት እህቱ የወርቅውሃ አብረው ለሰፈራ ተጫኑ። በዚያ ጉዞ ሰው በራስ አይቆጠርም፤ በመኪና ነው የሚቆጠረው። «ይሄ ሞልቷል፣ ንዳው!» ይባላል፣ ይነዳል። መንገድ ላይ ካደሩበት መጠለያ በማለዳ ሲነሡ እናትየው ትንንሾቹን ይዛ በአንዱ መኪና፣ አባትየው አንለይን ይዞ በሌላው ተሳፈሩ። እናት የወርቅውሃ ከአባቷ ጋር ናት ብላ ሄደች። አባት ከእናቷ ጋር ናት ብሎ ሄደ። አሶሳ ሲወርዱ ልጅቷ የለችም። ከየትኛው ማዳበሪያ ጀርባ ተኝታ እንደቀረች፣ ማን እንዳነሳት፣ ማን እንደቀበራት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ለቅሶ እንኳ በሰልፍ በሆነበት በዚያ ዘመን ማን ጠይቆ ማን ይመልሳል!

ከዚያ ወዲያ እናትየው አመል አወጣች። ልጆቿ ውኃም ይቅዱ፣ ከብትም ያግዱ፣ ከቤት ሲወጡ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጠጠር ምድጃው ዳር ታስቀምጣለች፤ ሲገቡ ታነሳለች። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ጠጠሮቹ አራት። አራተኛዋን ሳታነሳ ሞተች።

አንለይ አድጎ ገበሬ ሆነ። በቆሎና ማሽላ ይዘራል፣ ማንጎ ያወርዳል። ልቡ ግን መላጣው ላይ ነበር። ልጅ ሳለ ሽመል ሊቆርጥ ሄዶ በአንድ ስንጥቅ በኩል መውጫ አገኘ፤ ጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢያይ ወሎ የሚታይ መስሎት። የሚታየው ሽመል ነው፣ የቃጠሎ ጭስ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ተራራ ነው። ቢሆንም መውጣቱን አልተወም። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ያንን ድንጋይ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ ሆነ።

ከተሜው የእግር ጉዞ የሚባል ነገር ሲጀምር መጀመሪያ አስተማሪዎች መጡ። ከዚያ የባንክ ሠራተኞች፣ ከዚያ መዘምራን፣ ከዚያ ደግሞ ፍቅረኞች።

«እንደው ምን ጠፍቷችሁ ነው የምትወጡት?» አላቸው አንለይ።

«ልንዝናና ነው» አሉት።

ድንጋይ ላይ በአራት እግር እየዳኹ መዝናናት አልገባውም። ግን እንግዳ አይመለስም ብሎ መሰላል ሠራላቸው። ጨረቃ ስትጎድል ጠብቆ ሽመሉን ይቆርጣል፤ በሙሉ ጨረቃ የተቆረጠ ይነቅዛላ። በጥላ ያደርቀዋል፣ በጠፍር ያስረዋል፣ በጥቅምት ያቆመዋል። ሰኔ ሲያልቅ መሰላሉን ያወርድና ቤቱ ክፈፍ ሥር ይሰቅለዋል። «መላጣው ይተኛ» ይላል። በክረምት ድንጋዩ ሽበት ያወጣል፣ ያንሸራትታል፣ ውኃ ሥሩን ሲሸረሽረው ትልልቁ ቋጥኝ ይፈታል፣ መብረቁም አለ። ማንም ለምኖ አሳምኖት አያውቅም። መዘምራኑ በጸሎት ሞክረው ነበር፤ «እግዜር በጥቅምትም ይሰማችኋል» ብሎ መለሳቸው።

ጠጠሩንም ከእናቱ ምድጃ አምጥቶ መሰላሉ ሥር አደረገው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቅሉ ውስጥ ያደረች ጠጠር አልነበረችም። ይሄ የአንለይ ሀብቱ ነው። በሰፈራ መጥቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ «ሰፋሪ» ተብሎ ለኖረ ሰው፣ «የመላጣው አንለይ» መባል ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጎኑ የቆመችው ኢንዓም ናት። የበርታ ሴት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አንለይ አጥር ሥር የላስቲክ ዳስ ጥላ ለወጪ ወራጁ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥና ሻይ የምትሸጥ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ታስኬደዋለች። አንለይ ገና ከማሳው ሲመለስ ከርከዴው ተቀድቶ ይጠብቀዋል። ሁለቱም ወሬ አያበዙም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲወጣና ሲወረድ አይተዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሰራዊት መጣ። ሰራዊት የአሶሳ ልጅ ነው፤ ቱሪዝም የተማረ፣ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ክፉ ያልሆነ። ከኋላው ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው ደግሞ መላጣው የሚለውን ስም አፍሮበት «ውብ አናት የተራራ መዝናኛ» የሚል ታፔላ አሠርቷል። መንደሩ ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ።

«ዓመቱን ሙሉ ክፍት ይሆናል» አለ ሰራዊት። «እንዲያውም ውበቱ ክረምት ነው! ጭጋጉ፣ ከድንጋዩ ላይ የሚወርደው ውኃ! መሰላሉን ጂራታ በብረት ይበይድልናል፤ በሲሚንቶ ይተከላል፤ መቼም አይወርድም።»

ጂራታ ባምባሲ ላይ በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ነው። ሥራው የሚታማ አይደለም።

አንለይ ተነሣ። «ክረምት ድንጋዩ አይረገጥም። ብረት ደግሞ ያሟልጫል፤ መብረቅም ይስባል። ሰው ይወድቃል።»

«ጋሽ አንለይ፣ ጊዜው ተቀይሯል እኮ» አለ ሰራዊት በትህትና። «ጠጠሩንም ብንተወው ጥሩ ነው፤ እንግዶቹ እንደ በግ ተቆጠርን ይላሉ። ስምና ስልክ የሚጻፍበት ደብተር አለን።»

«ደብተር ዝናብ ያውቃል?»

ያኔ ከኋላ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ «ተራራውን ከወሎ ተሸክሞ ያመጣው አስመሰለው እኮ!» አለ። ሰዉ ሳቀ። የራሱ የመንደር ሰዎች፣ እንደሱ ተጭነው የመጡት እንኳ ሳቁ። ከሁሉ ያቃጠለው የነሱ ሳቅ ነው።

ሰራዊት ፊቱ ቀላ። ነገሩን ለማብረድ ለአንለይ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሥራ እንደተያዘለት ተናገረ፤ ፊሽካም አለው አለ። ፊሽካ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳያጣ የመለሰ ሰው ለመኪና ፊሽካ ሊነፋ! አንለይ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ ቤቱ ገባ።

ሐምሌ ገባ፤ የብረቱ መሰላል ቆመ፤ ሰዉ ዝናብ ልብስ እየለበሰ መምጣት ጀመረ። አንለይ ደጁ ላይ ባለው ማንጎ ሥር ተቀምጦ መጠበቅ ያዘ። ምን ነበር የሚጠብቀው? እናንተ ስታነቡት ትቀየሙታላችሁ፤ ይሁን ተቀየሙት። የሚጠብቀው ሰው እስኪወድቅ ነው። ይሙት አላለም፤ ክንዱ ይሰበር፣ ወገቡ ይቀጭ፣ ብቻ አንድ ሰው ይውደቅና «አንለይ ብሎን ነበር» ይባል። እሑድ በመጣ ቁጥር መሰላሉን ያያል። ሰዉ እየሳቀ ይወጣል፣ ጭቃ ተለውሶ እየሳቀ ይወርዳል። ጭጋጉም ሰራዊት እንዳለው ያምር ነበር። የጂራታ ብየዳ ፍንክች አላለም። ሰው አልወደቀም፤ አንለይም በየእሑዱ አንድ ዓመት የሚያረጅ መሰለ።

«ይወድቃል» ይላታል ለኢንዓም።

«ኢንሻአላህ አይወድቅም» ትለዋለች እሷ፤ ከርከዴውን እየሰጠችው።

አንድ ነገር ግን መተው አልቻለም። ቅሉን ወደ ቤቱ ይዞት መጥቶ ነበር፤ ማንጎው ሥር አስቀምጦት ሰው ሲወጣ ባየ ቁጥር ጠጠር ይጥልበታል፣ ሲወርድ ያወጣል። ማንም አላዘዘውም፤ ለማንም አልተናገረም። እጁ ነው የሚቆጥረው። እናቱም እንዲሁ ነበረች።

የነሐሴ ሁለተኛው እሑድ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት መኪና መጣ። ሰራዊት ፊት ፊት መራ፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ተከተሉት። አንለይ አሥራ ሁለት ጠጠር ጣለ። መጨረሻ ላይ የወጣው ሰው ቀይ ጃንጥላ ይዟል፤ በጭጋጉ ውስጥ ፊቱ አይለይም፤ ጃንጥላው ብቻ ቀስ እያለ ሲወጣ ይታያል። «ድንጋይ ላይ በጃንጥላ!» አለና ምራቁን ጢቅ አደረገ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ጠቆረ። ሰዎቹ እየተንጋጉ ወረዱ፤ ማን ቀድሞ መኪና ውስጥ ይገባል ሆነ ነገሩ። ደብተሩ ሰራዊት ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ በዚያ ዶፍ ማን ያወጣዋል? ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱም መኪኖች ጭቃውን እየረጩ ሄዱ።

አንለይ ቅሉን አየ። አንዲት ጠጠር አለች።

ቅሉን ገልብጦ አራገፈው፣ መልሶ አየ፣ ከመጀመሪያው አሰበ። ሰራዊትን ሳይጨምር አሥራ ሁለት ወጥተዋል፤ አሥራ አንድ ወርደዋል። ቀዩ ጃንጥላ አልወረደም። በአንዱ መኪና ያሉት በሌላው አለ ብለው፣ በሌላውም ያሉት እንዲሁ ብለው ሄደዋል። ከአርባ ዓመት በፊት የወርቅውሃን የጣለው ስሕተት ራሱ፣ አንድም ሳይጨመርበት፣ አንድም ሳይጎድል መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ።

በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ ያንን ለማወቅ የተገባው አንለይ ነበር። አወቀም። ያወቀ ጊዜ የተሰማው ግን ፍርሃት አይደለም፣ ሐዘን አይደለም። ደስታ ነው። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር «በለው!» አለ።

ገመድ ሊያነሳ እጁን ዘረጋና መለሰው። ለምን እሱ? ጥበቃ አይደለ? ፊሽካውን እንኳ አልወሰደም። አሁን ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሰራዊት ከመኪናው ሳይወርድ «ጋሽ አንለይ፣ ጋሽ አንለይ!» እያለ ይሮጣል፤ ያ ከኋላ የተናገረው ሰውም ይመጣል፤ ይለምኑታል። ያኔ ምንም ሳይናገር ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይነሣል። ይሄን በዓይኑ ደጋግሞ አየው፤ እየደጋገመ ሲያየው ጣፈጠው። ሲለምኑኝ እነሣለሁ አለ። ሳይለምኑኝስ? ሳይለምኑኝ ከሄድኩማ ደግሞ ምን ይሉኛል፤ ተራራውን ከወሎ ያመጣው ሰውዬ ይሉኛል።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ዝናቡ አላባራም። ምሳውን አወጣ፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ሦስተኛው አልወርድ አለው። መንገዱን ያያል፤ መኪና የለም። ስምንት ሰዓት ላይ መብረቅ መላጣው ጀርባ ወረደ፤ ማንጎው ተንቀጠቀጠ። አንለይ ተነሣና ተመልሶ ተቀመጠ። ትንሽ ይቆዩ፤ ትንሽ ከቆዩ ይበልጥ ይገባቸዋል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይገባል ቢባል ማን ያምናል? ይገባል። ገብቶም ይቀመጣል፣ ከርከዴ የሚጠጣ እንግዳ ይመስል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ኢንዓም በላስቲክ ተሸፍና መጣች።

«ያ አንለይ፣ ቀይ ጃንጥላ ወጣ። ቀይ ጃንጥላ አልወረደ።»

«በሌላ በኩል ወርዶ ይሆናላ።»

«በሌላ በኩል መንገድ የለም። አንተ ነህ የነገርከኝ።»

ኢንዓም ዝቅ ብላ ቅሉን አየች። ጠጠሯን አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ እሱን አየችው፤ ብዙ ቆየች። የተቆጣች አትመስልም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የምታውቀውን ሰው ፊት እንደገና የምትፈልግ ነው የምትመስለው።

«አውቀሃል» አለችው። «አውቀህ ተቀመጥክ።»

አንለይ ተነሣ። ያቺን ጠጠር ከቅሉ አንሥቶ ኪሱ ከተተ፤ ለምን እንደከተታት እሱም አያውቅም። ገመዱን ያዘ፣ ክፈፍ ሥር የተሰቀለውን የሽመል መሰላል አወረደ፣ እየጮኸ ወጣ። ኢንዓም በየቤቱ እየሮጠች አራት ወንድ ሰበሰበች። የብረቱን መሰላል ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጠው። ንቅንቅ አላለም፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ይሄ አናደደው።

ልጅቱን ከጫፉ በታች ባለው ስንጥቅ ውስጥ አገኟት። ዝናቡ የፈታው ቋጥኝ ተንሸራትቶ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ይዞታል። የተሰበረው ጃንጥላ እጇ ላይ ነው። አንለይ ፊቷን አየ፤ ዘመናይ ናት። አሶሳ የምታስተምር፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በእሱ ጊዜ ሦስት አራቴ የወጣች፣ ሁልጊዜ ነጭ ጠጠር መርጣ «ይቺ የኔ ናት፣ ለሰው እንዳይሰጧት» እያለች የምትቀልደው።

ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። «ጋሽ አንለይ» አለች። «ስልኬን ውኃ ገባበት። ግን እንደሚመጡ አውቄ ነበር፤ ጠዋት ከሩቅ ቅሉን አጠገብዎ አይቼዋለሁ። እሳቸው ቅሉን ሳያዩ አይገቡም እያልኩ… እሱን እያሰብኩ ነው የቆየሁት።»

አንለይ ወፍራም ሽመል ከቋጥኙ ሥር አስገባና አራቱ ሰዎች ሲጫኑት እግሯን ሳበው። እግሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀለሙ የሰው እግር አይመስልም። የሽመሉን መሰላል ቃሬዛ አድርገው፣ ጋቢ አንጥፈው፣ በገመድ እያሰሩ አወረዷት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የደረሰውን የጭነት መኪና አስቁመው ወደ አሶሳ ወሰዷት።

ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ ላኳት። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ገና አሶሳ ሆስፒታል ደጅ ላይ ሳሉ ሰራዊት ወሬው ደርሶት እየሮጠ መጥቶ ሐኪሙን አናግሮ ነበር። ሲወጣ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ሦስት ሰዓት ቀደም ብላ ብትደርስ እግሯ ይተርፍ ነበር ይላል» አለ። «እኔ ነኝ፣ ጋሽ አንለይ። እኔ ነኝ ያልቆጠርኳት። እርስዎ ነግረውኝ ነበር። የሷን እግር የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

አንለይ ትከሻውን ያዘውና «አይዞህ» አለው። ሰራዊት እጁን ይዞ ሳመው። ያንን አይዞህ እግዜር ይፍረድበት! ሦስት ሰዓት። አንለይ ሦስቱንም ያውቃቸዋል፤ አንደኛው መንገዱን ሲያይ ያለፈው፣ ሁለተኛው ምሳው አልወርድ ያለበት፣ ሦስተኛው መብረቁ የወረደበት ነው። እያንዳንዱን በስም ሊጠራው ይችላል። አፉን ከፈተ፤ ሰራዊት ግን «እርስዎ ባይኖሩ ደግሞ ሞታ ነበር» አለ፤ አፉ ተመልሶ ተዘጋ። ሆድ ይፍጀው አለ። ፈጀውም።

በጥቅምት ክብረ በዓል ተደረገ። ድንኳን ተጣለ፣ ድምፅ ማጉያ ተተከለ። ኮሚቴው መላጣው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጥቅምት እንዲዘጋ፣ ጠጠር ሳይጥል ማንም እንዳይወጣ ወሰነ። ታፔላው ላይ ያለው ስም እንኳ ተፋቀ፤ «መላጣው» ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። አንለይ የመንገድ መሪዎች ሁሉ ኃላፊ ሆነ። በስብሰባው ላይ የሳቁት ሁሉ አጨበጨቡ፤ ያ ከኋላ የተናገረው ሰውም ሳያጨበጭብ አልቀረም። የፈለገውን ሁሉ አገኘ፤ አንድ ሳይቀር፣ በፈለገው ዓይነት።

የኃላፊነቱን ቢጫ ጃኬት ያለበሰችው ዘመናይ ናት። በሁለት ክራንች ተደግፋ መጣች። አንዱን ክራንች ለሰራዊት አስያዘችና በነፃ እጇ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣለችው። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ያዘች።

«አሥራ አንድ ሰው አብሮኝ ወጥቷል፤ አንዱም አልቆጠረኝም» አለች። «የቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ አባቴ ናቸው።»

ሰዉ አለቀሰ። አንለይም አለቀሰ፤ ሰዉ ደግሞ የሱን እንባ አይቶ የባሰ አለቀሰ። ዘመናይ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ እየሳቀች «ጠጠሬስ? የኔዋ የት አለች? ማስታወሻ ላደርጋት እፈልጋለሁ» አለችው።

ጠጠሯ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወጥታ አታውቅም።

«ጠፋች፣ ልጄ» አላት።

ድንኳኑ ሲፈርስ አንለይ ጃኬቱን እንደለበሰ ወደ ኢንዓም ዳስ ሄደ። ከነሐሴ ወዲህ ተቀድቶ የሚጠብቀው ከርከዴ የለም፤ ከፈለገ እንደማንኛውም ሰው ጠይቆ ነው። ጠየቃት። ቀዳችለት።

«ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

ኢንዓም ብርጭቆ ማጠቧን አላቆመችም። «ምን ልናገር? ብናገር እግሩን ይመልሳል?» አለች፤ የምትለው የዘመናይን ነው። «ልጁ ዛሬ አባት አገኘ። እግር አንድ ተቆረጠ። አባቱንም እኔ ልቁረጥ?»

«ልንገራት እንዴ?»

«እሱን እኔን አትጠይቅ። ስትቀመጥ ጠይቀኸኛል?»

አንለይ ከርከዴውን ሳይጨርስ ተነሣ። ለዘመናይ አልነገራትም። ልነግራት ነው እያለ አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። እሷ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች፤ መውጣት ስለማትችል መሰላሉ ሥር ከጎኑ ተቀምጣ ለሰዉ ጠጠር ታድላለች፣ አባቴ እያለች ታወራዋለች፣ የቆላችለትን ቡና በላስቲክ አስራ ታመጣለታለች። እንዴት ይነገራል? ከዚህ በኋላ ቢነግራት የሚቀልለው እሱ ነው፤ ሸክሙን የምትወስደው እሷ ናት። ይሄ እውነት ይሁን ወይስ የፈሪ ሰበብ፣ አንለይ ራሱ መለየት ትቷል።

በጥር አንድ እሑድ የኢንዓም የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ልትወጣ መጣች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ድንጋዩ ደረቅ ነው፤ የብረቱ መሰላል እንደ ድሮው ጽኑ ነው። ዘመናይ ለልጆቹ ጠጠር አደለች፤ አንለይ ሃያ ሦስት ብሎ ቆጠረ። ልጅቱም የራሷን ቅሉ ውስጥ ጥላ ወጣች።

ያኔ ኢንዓም ከዳሷ ወጣች። ከመንገዱ ዳር አንዲት ጠጠር አነሣች፣ በሻርፏ ጫፍ ጠረገቻት፣ ከርከዴ በምትቀዳበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለቻትና አንለይ ፊት ለፊት፣ ከቅሉ አጠገብ አስቀመጠችው።

«አንቺ ደግሞ!» አለቻት ዘመናይ እየሳቀች። «አባቴ እዚህ እያሉ ነው የምትቆጥሪው?»

ኢንዓምም ፈገግ ብላ ወደ ዳሷ ተመለሰች። አንለይ ቅሉን ማየት ጀመረ።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ወረዱ። እየተሯሯጡ ጠጠራቸውን አነሡ፣ ወደ ኋላቸው ወረወሩ፤ ቅሉ ባዶ ሆነ። አንለይ ገልብጦ አሳየና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሁሉም ወርደዋል!» አለ።

ኢንዓም ከዳሷ ወጥታ የልጅ ልጇን ትከሻ በእጇ ያዘች። ጠጠሯን ከብርጭቆው አውጥታ ጣለች። ከዚያ በኋላ ነው ዳሷን ማጠፍ የጀመረችው።